ግርፍና ድርድር በአምስት ቁልፍ

እ.ኤ.አ. በ1965 አጋማሽ ኒው ዮርክ ውስጥ ስቱዲዮ የገቡ ጥቂት ሙዚቀኞችን ያልተለመደ ሥራ ጠበቃቸው። ከአንድ ዓመት በፊት የተቀረጸ፣ ድራም የሌለበት፣ በሁለት ድምፅና በአኩስቲክ ጊታር የተሠራ ዘፈን እየሰሙ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝና ድራም እንዲጨምሩበት ተነገራቸው። ዘፈኑ የፖል ሳይመንና የአርት ጋርፈንከል «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሳይለንስ» ነበር። ሐሳቡ የኮሎምቢያ ሪከርድስ ፕሮዲውሰር የቶም ዊልሰን ነው።

ሥራው አስቸጋሪ ሆነ። የመጀመሪያው ቅጂ እንደ ሰዓት እኩል አይሄድም፤ ፈጠን ይላል፣ ዘግየት ይላል። ወትሮ ምቱን የሚመራው ድራም መቺው ነው። በዚያ ቀን ግን የሚመራው ሰው አልነበረውም፤ አስቀድሞ ተዘፍኖ ያለቀን ነገር እየተከተለ መምታት ነበረበት። ዘፋኞቹ ራሳቸው ስለ ሥራው የሚያውቁት ነገር አልነበረም። አልበማቸው ገበያ ሳያገኝ ቀርቶ በየፊናቸው ሄደዋል፤ ሳይመንም አውሮፓ ነበር። ያ በሌሉበት የተሠራ ቅጂ በጃንዋሪ 1966 በአሜሪካ የዘፈን ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ ሁለቱንም እንደገና አገናኛቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ወዲህ ስድሳ ዓመት ገደማ አልፏል። ዛሬ በብዙ አገር ያሉ የሙዚቃ አድናቂዎች ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ያንኑ የመከተል ሥራ በሌላ መልኩ ይሠራሉ። የሚወዱትን ዘፈን በምት በምቱ ይከፍሉታል፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ምት ላይ ባለቀለም ነጥብ ያስቀምጣሉ። ውጤቱ «ቻርት» ይባላል፤ ዘፈኑን በጊታር ጌም መጫወት የሚቻል የሚያደርገው እሱ ነው። ከሠሪዎቹ መካከል የሕዝብ ዘፈንን ከሮክ ጋር ለሚያዋሕደው ፎክ ሮክ ልባቸውን የሰጡ አሉ። የያዙት ሥራ ከፈጣን ሜታል ይልቅ ብዙ ጆሮ የሚጠይቅ ነው።

ጌሙ እንዴት ተጀመረ?

ጃፓናዊው ኮናሚ በ1990ዎቹ መጨረሻ በመጫወቻ አዳራሾች ውስጥ «ጊታር ፍሪክስ» የተባለ ባለሦስት ቁልፍ ጊታር ያለው ማሽን አቅርቦ ነበር። ነገሩን በየቤቱ ያስገባው ግን በኖቬምበር 2005 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው «ጊታር ሂሮ» ነው። የሠራው ሃርሞኒክስ የተባለው ኩባንያ ነው። ኩባንያውን በ1995 ያቋቋሙት አሌክስ ሪጎፑሎስና ኤራን ኢጎዚ የተዋወቁት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በኤምአይቲ ነው። ምኞታቸውም መሣሪያ መጫወት የማይችል ሰው ሙዚቃ የመጫወትን ደስታ እንዲቀምስ ነበር።

አጨዋወቱ ለማንም ይገባል። ተጫዋቹ የፕላስቲክ ጊታር ይይዛል። በአንገቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ የሆኑ አምስት ቁልፎች አሉ፤ በገላው ላይ ደግሞ እንደ ክር ወደ ላይና ወደ ታች የሚመታ መግረፊያ። በቴሌቪዥኑ ላይ ወደ ተጫዋቹ የሚመጣ መንገድ ይታያል፤ በመንገዱ ላይ ባለቀለም ነጥቦች ይንሸራተታሉ። ነጥቡ መስመሩ ላይ ሲደርስ ተጫዋቹ የቀለሙን ቁልፍ ይዞ ይገርፋል። በሰዓቱ ከመታ ጊታሩ ይሰማል፤ ከሳተ ጊታሩ ከዘፈኑ ውስጥ ለቅጽበት ይጠፋል።

ተከታዮቹ ብዙ ሆኑ። በ2007 ሃርሞኒክስ ጊታርን፣ ቤዝን፣ ድራምንና ድምፃዊን ያሰባሰበውን «ሮክ ባንድ» አወጣ። በ2008 በወጣው ሁለተኛው ሮክ ባንድ ውስጥ የቦብ ዲለን «ታንግልድ አፕ ኢን ብሉ» ነበረ። በሴፕቴምበር 2009 ደግሞ ቢትልስን ብቻ የያዘ ጌም ሲወጣ ሦስት ሰዎች ተስማምተው እንዲዘፍኑ የሚያስችል ክፍል ተጨመረበት። እንዲህም ሆኖ የእነዚህ ጌሞች ዋና ምግብ ጠንካራ ሮክና ሜታል ነበር። የዘመኑ ትልቁ ፈተና በሦስተኛው ጊታር ሂሮ ውስጥ የተካተተው የድራጎንፎርስ «ስሩ ዘ ፋየር ኤንድ ፍሌምስ» ነው፤ ፍጥነቱ ዛሬም ድረስ ይወራል።

ገበያው ግን ቶሎ ጠገበ። የጊታር ሂሮ አሳታሚ አክቲቪዥን በ2011 መጀመሪያ የጌሙን ሥራ አቆመ። በ2015 ጊታር ሂሮም ሮክ ባንድም በአዲስ ጌም ቢመለሱም የቀድሞው ሞቅታ አልተመለሰም። ለሮክ ባንድ አዳዲስ ዘፈኖችን ማቅረብም በጃንዋሪ 2024 አበቃ። የፕላስቲክ ጊታሮቹ ግን በየቤቱ ቀርተዋል፤ የባለቤቶቹም ፍቅር አብሮ ቀርቷል።

ሥራው ወደ አድናቂ እጅ ሲገባ

አድናቂዎች የገበያውን መሞት አልጠበቁም። በ2006 በፊንላንድ፣ አሴምብሊ በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪዎች ውድድር ላይ «ፍሬትስ ኦን ፋየር» የተባለ ነፃ ጌም አሸነፈ። ይህ ጌም የፕላስቲክ ጊታር እንኳ አይፈልግም። ተጫዋቹ የኮምፒውተሩን ኪቦርድ እንደ ጊታር በሁለት እጁ ያነሣና በአንድ እጁ ጣቶች ከኤፍ1 እስከ ኤፍ5 ያሉትን ቁልፎች ይይዛል፤ በሌላው እጁ አውራ ጣት «ኢንተር»ን ይመታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም ሰው የራሱን ዘፈን የሚያስገባበት መሥሪያ አብሮት ነበር።

ሃርሞኒክስም በ2010 በሩን በከፊል ከፈተ። «ሮክ ባንድ ኔትወርክ» በተባለው አሠራር ባንዶች ዘፈናቸውን ራሳቸው ቻርት አድርገው ለሽያጭ ማቅረብ ቻሉ። ሥራው የሚሠራው ሪፐር በተባለ የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር ነበር። ሌሎች ሠሪዎች እየተጫወቱ ስሕተቱን ይነቅሳሉ፤ ያለፈው ይሸጣል፤ ከሽያጩም 30 በመቶው ለአቅራቢው ይደርሳል። አሠራሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጋ። ሆኖም ብዙ ሰዎች የቻርትን ሥራ እንደ ሙያ የተማሩት በዚያ ነው።

ዛሬ የአድናቂዎች ዋና ሜዳ በ2017 ለሕዝብ የቀረበው «ክሎን ሂሮ» ነው። በአንድ አድናቂ ፕሮግራመር የተጀመረ ነፃ ጌም ነው፤ የድሮዎቹን የፕላስቲክ ጊታሮች ይቀበላል። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው «ያርግ» ተጨምሯል። ሁለቱም ባዶ መድረክ ናቸው ማለት ይቻላል። ዘፈኑን የሚያመጣውም፣ ወደ ጨዋታ የሚለውጠውም አድናቂው ነው።

ቻርት ምንድን ነው?

የአንድ ዘፈን ቻርት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትንሽ ማኅደር ነው። በውስጡ የዘፈኑ ድምፅ፣ የአልበሙ ሽፋን ምስል፣ የዘፈኑንና የዘፋኙን ስም የያዘ አጭር ጽሑፍ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የነጥቦቹ ዝርዝር ይገኛል። ዝርዝሩ ተከፍቶ ሲታይ ቁጥር ብቻ ነው፤ ይህ ነጥብ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ቀለም፣ ይህን ያህል ርዝመት ይላል። «ቻርት» በሚባለው የፋይል ዓይነት አንድ ምት በተለምዶ በ192 ጥቃቅን ክፍሎች ይከፈላል። ቁጥሩ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ 192 ለሁለትም፣ ለሦስትም፣ ለአራትም ያለ ቀሪ ይካፈላል። የአየርላንድን ጂግ ወይም የእኛን ቺክቺካ የመሰለ፣ እያንዳንዱ ምት ለሦስት የሚከፈልበት ዘፈን ሲመጣ ነጥቦቹ በ64፣ 64 ክፍል ልክ ቦታቸው ላይ ይቀመጣሉ።

የያሬድን ዜማ የተማረ ኢትዮጵያዊ የቻርትን ጠባይ ቶሎ ይረዳዋል። በድጓው ላይ ከቃላቱ በላይ የሚጻፉት ምልክቶች በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጁ ይነገራል። ምልክቶቹ ዜማውን ከመምህሩ አፍ ሰምቶ ላጠና ሰው የዜማውን መንገድ ያሳስቡታል፤ ላልሰማ ሰው ግን ብቻቸውን ድምፅ አይሆኑም። በክብርም በጥልቀትም ሁለቱን ማወዳደር አይገባም። በዚህ አንድ ጠባይ ግን ይመሳሰላሉ፤ ቻርትም ያለ ድምፁ ምንም አይናገርም። አረንጓዴው ቁልፍ «ዶ» ማለት አይደለም፤ ብርቱካናማውም የታወቀ ድምፅ የለውም። ነጥቦቹ የሚያሳዩት ዜማው ሲወጣና ሲወርድ፣ ሲቆምና ሲቀጥል ነው፤ የቀረውን ጆሮ ይሞላዋል።

ምቱን መከተል

ቻርት ሠሪ ነጥብ ከማስቀመጡ በፊት የሚሠራው ሥራ የምት ካርታ ማውጣት ነው። የዛሬ ዘመን ዘፈን ብዙ ጊዜ የሚቀረጸው በጆሮ ውስጥ «ቲክ ቲክ» እያለ በሚቆጥር ማሽን እየተመራ ነው። እንዲህ ያለውን ዘፈን ካርታ ማውጣት ቀላል ነው፤ በደቂቃ 120 ምት ከሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 120 ነው። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ፎክ ሮክ ግን ባመዛኙ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ እየተያዩ የተጫወቱት ነው። አዝማቹ ሲመጣ ሞቅ ይላሉ፣ ይፈጥናሉ፤ ስንኙ ሲያዝን ይዘገያሉ።

የልዩነቱን ክብደት በአንድ ቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ሠሪው ካርታውን በደቂቃ 120 ምት ብሎ ቢያወጣና ባንዱ በ119 ቢጫወት፣ በእያንዳንዱ ምት ላይ የሚፈጠረው ስሕተት 4 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ማንም አይሰማውም። ስሕተቱ ግን ይጠራቀማል። ከ24 ምት በኋላ፣ ማለትም 12 ሰከንድ ገደማ ሲሆን፣ ነጥቡና ድምፁ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ተራርቀዋል። በክሎን ሂሮ ውስጥ ተጫዋቹ ቀድሞም ሆነ ዘግይቶ ቢመታ የሚታለፍለት ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ ዘፈኑን በልቡ የሚያውቅ፣ በትክክል የመታ ሰው «ሳትህ» ይባላል። ጨዋታው ከሚያበሳጭባቸው ነገሮች ሁሉ ይህ ይከፋል፤ ጥፋቱ የተጫዋቹ አይደለምና።

መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ሠሪው የድምፁን ሞገድ በስክሪኑ ላይ እያየ፣ ድራሙ የመታበትን ወይም ክሩ የተነካበትን ቅጽበት እየፈለገ፣ በየአራት ምቱ፣ አስፈላጊ ሲሆንም በየምቱ አዲስ ፍጥነት ይጽፋል። 119፣ 121.5፣ 118… እያለ ይወርዳል። ድራም በሌለበት፣ ሁለት ድምፅና አንድ ጊታር ብቻ ባለበት ክፍል ሥራው ይብሳል፤ የሚያዝበት ጫፍ የጣት ንክኪ ብቻ ነውና። የቶም ዊልሰን ሙዚቀኞች በስቱዲዮው ውስጥ የገጠማቸው ችግር ይኸው ነበር። እነሱ በእጃቸው የተከተሉትን የዛሬው አድናቂ በቁጥር ይከተለዋል።

እዚህ ላይ ፈተና አለ። ድምፁን ራሱን በሶፍትዌር ጎትቶ እኩል ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ካርታው በአንድ ቁጥር ያልቃል። ለዘፈኑ የሚጨነቅ ሠሪ ግን ይህን አያደርግም። ካርታው ዘፈኑን ይከተላል እንጂ ዘፈኑ ለካርታው አይታጠፍም። ዘፋኙ ትንፋሹን የሳበበት፣ ጊታሪስቱ ያመነታበት ሽርፍራፊ ሰከንድ የዘፈኑ አካል ነው፤ ተጫዋቹም እዚያው ቦታ ላይ አብሮ መዘግየት አለበት።

ግርፍ ወይስ ድርድር?

ክራር የሚጫወት ሰው ሁለት መንገድ እንዳለው ያውቃል። አንዱ ግርፍ ነው፤ የማይፈለጉትን ክሮች በግራ እጅ ጣቶች አፍኖ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መምታት። ሌላው ድርድር ነው፤ ክሮቹን አንድ በአንድ በጣት መንካት። ጊታር ሂሮ በመሠረቱ የግርፍ ጌም ነው፤ ቁልፍ ይያዛል፣ ይገረፋል። የፎክ ሮክ ነፍስ ግን በአብዛኛው ያለው በድርድሩ ውስጥ ነው።

በ1965 በአሜሪካ አንደኛ የወጣውን የበርድስ ባንድን «ሚስተር ታምቡሪን ማን» ማሰብ ይበቃል። ሮጀር መግዊን በባለ 12 ክር ሪከንባከር ኤሌክትሪክ ጊታር የደረደረው መግቢያ የዘመኑ መለያ ድምፅ ሆነ። በ12 ክር ላይ የሚፈስሰውን ነገር በአምስት ቁልፍ እንዴት ማሳየት ይቻላል? ሠሪው ማስመሰል ያለበት የእጁን እንቅስቃሴ ነው። ዜማው ሲወጣ ነጥቡ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል፤ ሲወርድ ወደ አረንጓዴ ይመለሳል። ከአምስት በላይ ደረጃ ያለው ዜማ ሲመጣ መንገዱ ስለሚያልቅ በተስማሚ ቦታ ላይ «መታጠፍ» አለበት። መታጠፊያውን የት እንደሚያደርገው የሠሪው የሙዚቃ ስሜት ይወስናል።

ድርድርን የሚያግዝ አንድ መሣሪያ በጌሙ ውስጥ አለ። በእውነተኛ ጊታር ላይ አንዳንድ ድምፅ ክሩን ዳግመኛ ሳይመቱ የግራ እጅ ጣትን ብቻ በመጫን ወይም በማንሣት ይወጣል። ጌሙም ይህን ይቀበላል፤ አንዳንድ ነጥቦች መግረፊያው ሳይነካ ቁልፉን በመያዝ ብቻ ይመታሉ። ጎበዝ ሠሪ የድርድሩን የመጀመሪያ ድምፅ በግርፍ ያስጀምርና የቀሩትን በጣት ብቻ እንዲፈስሱ ያደርጋል። ሲበዛ ግን ተጫዋቹ ክር የመንካት ስሜቱ ይጠፋበታል፤ ሲያንስ ደግሞ ለስላሳው ዜማ እንደ እንጨት ፈለጣ ይሆናል።

ይበልጥ የሚከብደው በጊታሪስቱ በሜርል ትራቪስ ስም የሚጠራው አደራደር ነው። በዚህ አጨዋወት አውራ ጣት በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ቤዙን እየተመላለሰ ይመታል፤ ሌሎቹ ጣቶች ከላይ ዜማውን ያወጣሉ። አንድ ሰው ሁለት ሰው መስሎ ይሰማል። ቻርቱ ግን ያለው አንድ መንገድ ነው። አንዳንዱ ሠሪ ዜማውን ብቻ ይከተላል፤ ሌላው የአውራ ጣቱን ምት መሠረት አድርጎ ዜማው ጎልቶ በሚሰማበት ቦታ ሁለት ነጥብ በአንድ ላይ ያስቀምጣል። የሁለቱ ምርጫ ሁለት የተለያዩ ቻርቶችን ይወልዳል፤ ተጫዋቹም አንዱን ዘፈን ከሁለት ወገን ያውቀዋል።

የቫዮሊኑ ቦታ

የእንግሊዞቹ ፌርፖርት ኮንቬንሽን በዲሴምበር 1969 ያወጡት «ሊጅ ኤንድ ሊፍ» የብሪታንያ ፎክ ሮክ መሠረት ከሆኑት አልበሞች አንዱ ነው። ባንዱ በዚያው ዓመት በሜይ በደረሰበት የመኪና አደጋ ወጣት ድራም መቺውን ማርቲን ላምብልን አጥቶ ነበር። በእግሩ ዴቭ ማታክስ ገባ፤ ቫዮሊኒስቱ ዴቭ ስዋርብሪክም ተቀላቀለ። በሃምፕሻየር ገጠር ውስጥ ቤት ተከራይተው ከጥንት ጀምሮ ሲወርዱ ሲዋረዱ የመጡ የሕዝብ ዘፈኖችን በኤሌክትሪክ መሣሪያ አዋሐዱ።

ከነዚህ አንዱ «ማቲ ግሮቭስ» ነው። 8 ደቂቃ ያህል ይረዝማል። የባንዱ ድምፃዊት ሳንዲ ዴኒ ታሪኩን በስንኝ ላይ ስንኝ እየደረበች ትተርካለች፤ ታሪኩ ካለቀ በኋላ የሪቻርድ ቶምሰን ጊታርና የስዋርብሪክ ቫዮሊን እየተፎካከሩ ወደ ፍጻሜው ይሮጣሉ። ለቻርት ሠሪ ይህ ዘፈን ጥያቄዎችን ያመጣል። የስንኙ ዜማ ይደጋገማልና የመጀመሪያውን ስንኝ ነጥቦች ገልብጦ በሁሉም ላይ መለጠፍ ይቀላል። በጥሞና ለሚሰማ ግን አጃቢዎቹ ታሪኩ ሲከር አብረው ይከራሉ፤ ሁለት ስንኝ አንድ ዓይነት ሆኖ አይጫወትም። መገልበጥን የሚጠላ ሠሪ እያንዳንዱን ስንኝ እንደ አዲስ ይሰማዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የቫዮሊኑ ነው፤ ጌሙ ለቫዮሊን የተለየ መንገድ የለውም። አንደኛው አማራጭ ጊታሩ ዝም ሲል ቫዮሊኑን በጊታሩ መንገድ ላይ ማስኬድ ነው። ሌላው፣ ክሎን ሂሮ ለኪቦርድ የሰጠውን መንገድ ለቫዮሊኑ ማዋል ነው። ያኔ ሁለት ጓደኛሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ቶምሰንን፣ ሌላው ስዋርብሪክን ሆነው መፎካከር ይችላሉ። ባንጆና ማንዶሊንም በዚሁ መንገድ ቦታ ያገኛሉ። አምስት ክር ያለው ባንጆ ለአምስቱ ቁልፍ የተፈጠረ ይመስላል፤ ሦስት ጣት እየተፈራረቀ የሚያወጣው ፈጣን ድርድር በቻርት ላይ ሲታይ እንደ ጥልፍ ነው።

ቀላሉን ደረጃ መሥራት

አንድ የተሟላ ቻርት አራት ደረጃ አለው፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድና የባለሙያ። በቀላሉ ደረጃ ሦስት ቁልፎች ብቻ ያገለግላሉ፤ በመካከለኛው ሰማያዊው ይጨመራል፤ በከባዱ አምስቱም ይሟላሉ። ብዙ ሠሪዎች የባለሙያውን ብቻ ሠርተው ያቆማሉ። ለልጁ ወይም ለእናቱ ዘፈኑን ማሳየት የሚፈልግ ሰው ግን ወደ ታች መውረድ አለበት፤ በዚያ ጊዜ ከመቶ ነጥብ ሠላሳውን ብቻ ለማቆየት ሲገደድ የዘፈኑ አጥንት የቱ እንደሆነ ራሱን ይጠይቃል። ከድርድሩ ውስጥ የትኛው ድምፅ ቢቀር ዘፈኑ ዘፈን ሆኖ ይቀራል? ሰዎች የሚያንጎራጉሩት የትኛውን ነው? ቀላሉ ደረጃ ከባዱ ሥራ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

በእውነተኛ ክር

ለፎክ ሮክ አድናቂ ሌላም መንገድ ተከፍቷል። ዩቢሶፍት በ2011 ያወጣው «ሮክስሚዝ» የሚጫወተው በፕላስቲክ ሳይሆን በእውነተኛ ጊታር ነው። እዚህ ቁልፍና ቀለም አይበቃም፤ የትኛው ክር፣ በስንተኛው ቦታ ላይ እንደሚያዝ መጻፍ አለበት። አድናቂዎች ለዚህም ቻርት ይሠራሉ። ከሚገለገሉባቸው መሣሪያዎች አንዱ «ኤዲተር ኦን ፋየር» ነው፤ ስሙ እንደሚያሳብቀው መጀመሪያ የተሠራው ለፊንላንዱ ነፃ ጌም ነበር።

የክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሄድ ክሮቹን እንደሚቃኝ ሁሉ የፎክ ጊታሪስቶችም ቅኝት ይለውጣሉ። እንግሊዛዊው ዴቪ ግሬሃም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያስፋፋው «ዲ-ኤ-ዲ-ጂ-ኤ-ዲ» የተባለው ቅኝት በብዙ የፎክ ዘፈኖች ውስጥ አለ። ካናዳዊቷ ጆኒ ሚቸል በ9 ዓመቷ ፖሊዮ ይዟት ግራ እጇ ደከመ፤ በተለመደው ቅኝት የሚያስቸግራትን አያያዝ ለማቅለል በርካታ የራሷን ቅኝቶች ፈጠረች። የእሷን ዘፈን ቻርት ማድረግ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ጊታሩ እንዴት እንደተቃኘ በጆሮው መፈለግ አለበት። ቅኝቱን ከሳተ ድምፁ ቢመሳሰልም አያያዙ የማይቻል ይሆናል፤ ጣት እዚያ ድረስ አይዘረጋም። ቅኝቱን ሲያገኘው ግን ከባድ ይመስል የነበረው በሁለት ጣት የሚያዝ ይሆናል፤ የዚያች ሴት እጅ ዘፈኑን እንዴት እንደወለደው ይታያል።

ድምፅን መለየት፣ ግጥምን መከፋፈል

የመጀመሪያዎቹ ጌሞች ደስታ አንዱ ምሥጢር ጊታሩ ለብቻው በተቀዳ ድምፅ ላይ መቀመጡ ነበር፤ ሲሳት ዝም የሚለው ለዚህ ነው። ኩባንያዎቹ ዋናውን ቅጂ ከባለቤቱ ማግኘት ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ጊታር ሂሮ ግን አብዛኞቹን ዘፈኖች በሌሎች ሙዚቀኞች አስቀርጾ ነበር ያስገባቸው። ለቢትልስ ጌም የፕሮዲውሰራቸው የጆርጅ ማርቲን ልጅ ጃይልስ ማርቲን የድሮዎቹን ቴፖች እየፈተሸ ድምፆቹን እንዲለይ ተደርጓል። አድናቂ እንዲህ ያለ ዕድል የለውም፤ ያለው የተዋሐደው ዘፈን ብቻ ነው። ከ2019 ወዲህ ግን ዲዘር የተባለው ኩባንያ ነፃ አድርጎ የለቀቀው «ስፕሊተር» የተባለ ሶፍትዌር፣ በኋላም የሜታ ኩባንያ «ዴሙክስ» ዘፈንን ወደ ድምፅ፣ ድራም፣ ቤዝና ሌሎች መሣሪያዎች መለየት ቻሉ። ንጹሕ አይደሉም፤ የጊታሩ ጥላ በድምፃዊው ላይ ይቀራል። ለቻርት ሠሪ ግን ከድራሙ ሥር ተደብቆ የነበረውን የቤዝ መስመር መስማት ብቻውን ትልቅ እርዳታ ነው።

ክሎን ሂሮ ግጥሙን በስክሪን ላይ ያሳያል እንጂ አያዘፍንም፤ ያርግ ግን ማይክሮፎን ተቀብሎ የድምፁን ቁመት ይለካል። ለዚህ ሠሪው ግጥሙን በክፍለ ቃል ይበትነዋል፤ እያንዳንዷ ክፍለ ቃል የምትጀምርበትን፣ የምታበቃበትንና የዜማዋን ቁመት ይጽፋል። ሁለትና ሦስት ድምፅ በተዋሐደበት የሳይመንና ጋርፈንከል ዓይነት ዘፈን ይህ ሁሉ በእጥፍ ይሠራል። ከሥር ያለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ሳያስተውሉት የሚያልፉት ነው፤ ቻርቱ ግን በስም የተለየ መስመር ይሰጠዋል።

የባለቤትነት ጥያቄ

ይህ ሁሉ ድካም በሕግ ረገድ ጥላ ሥር ነው። የተቀረጸ ዘፈን ባለቤት አለው፤ ያለ ፈቃድ ከቻርቱ ጋር አያይዞ ማሠራጨት በብዙ አገሮች የቅጂ መብትን መጣስ ነው። አንዳንድ ሠሪዎች ነጥቦቹን ብቻ ሰጥተው ድምፁን ተጫዋቹ ከገዛው አልበም እንዲያስገባ ያደርጋሉ፤ ይህ ለሙዚቀኛው ክብር ያለው አሠራር ነው።

ፎክ ሮክ በዚህ ላይ ልዩ ጠባይ አለው። አሜሪካዊው ምሁር ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ ባዘጋጀው፣ ከ1882 እስከ 1898 በታተመው ትልቅ ስብስብ ውስጥ 305 የእንግሊዝና የስኮትላንድ የሕዝብ ባላዶች አሉ፤ የ«ማቲ ግሮቭስ» ታሪክ በቁጥር 81 ላይ ይገኛል። ግጥሙና ዜማው የማንም አይደሉም፤ የሁሉም ናቸው። የፌርፖርት ቅጂ ግን የፌርፖርት ነው። ስለዚህ ጊታር የሚችል አድናቂ ከዚያ ስብስብ አንዱን ባላድ በራሱ እጅ ተጫውቶ፣ ጓደኛው ዘፍኖለት፣ ቀርጾ ቻርት ቢያደርገው ማንንም ሳይነካ ማሠራጨት ይችላል። ሮክ ባንድ ኔትወርክ በሕይወት በነበረ ጊዜ ትናንሽ ባንዶች የራሳቸውን ሥራ ያቀረቡት በዚሁ መንፈስ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ

ነጥቦቹ ተቀምጠው ሲያልቁ ሠሪው የፕላስቲክ ጊታሩን አንሥቶ ራሱ ይጫወተዋል። በወረቀት ላይ ትክክል የነበረው በእጅ ላይ ሲሞከር የሚያደናቅፍ ሊሆን ይችላል። ያርማል፣ ደግሞ ይጫወታል። ሌሎችም እንዲሞክሩት ይልካል፤ አንዱ በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ምቱ እንደዘገየ ይነግረዋል፣ ሌላው አንድ ነጥብ ቀለሙ እንዳልተስማማው።

ከዚያ የዘፈኑ ማብቂያ ይቀራል። የመጨረሻው ድርድር ተነክቷል፤ ድምፁ ግን ወዲያው አይሞትም፣ እየሳሳ ይሄዳል። በቻርቱ ላይ ይህ ነጥብ ጅራት ያስፈልገዋል፤ ተጫዋቹ ጣቱን ቁልፉ ላይ አቆይቶ የሚለቅበት ጊዜ መወሰን አለበት። ሞገዱ በስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር የመሰለበት ቦታ ላይ ጅራቱ ተቆርጧል። ሠሪው የማዳመጫውን ድምፅ ከፍ አድርጎ የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች ደግሞ ይሰማል። ከመስመሩ በኋላም ክሩ በስሱ ይሰማል። ጅራቱን 48 ክፍል፣ የአንድ ምት ሩብ፣ ወደ ፊት ይስበዋል፤ አንዴ ደግሞ ሰምቶ ፋይሉን ያስቀምጣል።